አርባ ሦስት የተከፈቱ ገጾች

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ገጽ ለምንድን ነው ተከፍቶ የሚቀመጠው?»

ታላቋ ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ይህን የጠየቀቻት ከኮሌጅ መግቢያ ቃለ መጠይቋ ሁለት ቀን በፊት ነበር። እናት ካልሲ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ ለትምህርቷ የምትፈልገው ስለሆነ አንዱንም እንዳትነካባት ነገረቻት። ልጅቱም የእናቷን ቃል አክብራ እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች።

እውነቱ ሌላ ነበር። እናት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ትገባለች። አምና ለልጆቿ ጨርሻለሁ፣ ለማሻሻል ነው የምቀጥለው ብላቸዋለች። አልጨረሰችም። ወድቃ ከሀ እንደገና ጀምራለች። ይህን ከምትነግራቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

አስተማሪዋ ትምህርቱን በኮምፒውተር ይልክላታል። አንድ ገጽ ከተዘጋባት ስሙን ጽፋ መልሳ ማምጣት አትችልም፤ ስለዚህ አትዘጋም። የምትለያቸው ከላይ ባለችው ትንሽ ሥዕል ነው፤ ቀይዋ የፊደል መዝሙር፣ ሰማያዊዋ የክሊኒኩ ቀጠሮ፣ ቢጫዋ ምን እንደሆነች ረስታዋለች፤ መዝጋቷን ግን ትፈራለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም እንደነበሩ ይመለሳሉ። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ሲያቃስት አርጅቶ ነው እያለች ታልፈዋለች።

እህትማማቾቹ ያመለከቱት ለአንድ የነርስነት ኮሌጅ ነው። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ፣ በአንድ ቀን፣ የታላቋ ጠዋት፣ የታናሿ ከሰዓት ሆነ። በስልክ መግባት አይቻልም፤ በሰዓቱ ያልቀረበም እንደተወ ይቆጠራል።

ታላቋ እናቷ የተኮሰችላትን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ተቀመጠች። የጠያቂዋ ፊት ብቅ አለና ባለበት ደርቆ ቀረ። ድምፁ ተቆራረጠ። ማውዙ አልታዘዝ አለ። አጥፍታ አበራችው፤ አርባ ሦስቱም ገጾች ተግተልትለው ተመለሱ፤ ማራገቢያው ጮኸ። እንደምንም ስትገባ ሰዓቱ ማለፉን የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ጠበቃት።

እናት በነጠላ ጫማ ሮጣ ጎረቤት ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራችው። ሰውየው ገና አንዴ አይቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አላረጀም። ይሄን ሁሉ አሸክመውት በየት በኩል ይሩጥ?»

እያንዳንዱ የተከፈተ ገጽ፣ ባያዩትም እንኳ፣ ከሜሞሪው ላይ እየበላ እንደሚኖር አስረዳት። ከዳር ያለችውን ኮከብ ቢነኳት ገጹ በዝርዝር እንደሚቀመጥ፣ በኋላ በሥዕሉ አይቶ መክፈት እንደሚቻልም አሳያት። ከዚያ ማን እነዚህን እንደሰበሰበና ለምን እንዳልዘጋ ጠየቀ። ሁለቱም ልጆች እናታቸውን አዩ።

እናት ከተዘጉ ስማቸውን መጻፍ ስለማትችል መሆኑን ነገረቻቸው። አምና እንደወደቀችም ጨመረችበት። ጠጋኙ ሳቁን ዋጠና ወደ ሥራው አቀረቀረ።

ታላቋ አልጮኸችም። ቢሆንላት እናት ጩኸቱን በመረጠች።

«አልችልም ብትይኝ እኮ አነብልሽ ነበር፣ እማ» አለች።

ጠጋኙ ገጾቹን አንድ በአንድ ዘጋ፤ ከጀርባ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችንም አጠፋ። ማራገቢያው ጸጥ አለ። ታናሿ ያለ እህቷ አልገባም ብላ በር ላይ ቆማ ነበር። ታላቋ ክንዷን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሸሚዙንም አውልቃ አለበሰቻት። የታናሿ ቃለ መጠይቅ አንዴም ሳይቆራረጥ አለቀ።

በማግስቱ እናት ታላቋ እንደገና እንድትጠየቅ ለኮሌጁ ደብዳቤ ላስጽፍ ብላ ተነሳች። ጠጋኙ ጻፈላት፤ ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእኔ ነው የሚለውን ግን ራሷ፣ ሆሄ እየቆጠረች፣ ግማሽ ቀን ፈጅታ ጨመረችበት። የመጣው መልስ አጭር ስለነበር ያለ ማንም እርዳታ አነበበችው። ቦታው ሞልቷል ይላል።

ኮሌጁ ሲከፈት ታናሿ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ታላቋ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ከእናቷ ጎን፣ ሁለተኛውን ካውያ ይዛ ቀረች።