መትረየስ ያልነበራት አውሮፕላን

ሄስተር ብራምሊ የሙዚየሙን አዳራሽ እንደረገጠች መጀመሪያ ያየችው መትረየሶቹን ነበር። አራት ጥቁር አፈሙዞች ከአሮጌዋ ስፒትፋየር የጦር አውሮፕላን ክንፎች ወደ ፊት ተቀስረዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስታስባት የኖረችው አውሮፕላን ታጥቃ ጠበቀቻት።

«ኧረ ጉድ! እንዲህም አድርጎ ቅጥፈት አለ?» አለች ጮክ ብላ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ጄራልድ ኮልዝወርዝ ቀይ ክራባቱን እያስተካከለ ሮጦ መጣ። «እንኳን ደህና መጡ ሚስ ብራምሊ! አዩልኝ አይደል? ሙሽራ መስላለች እኮ!»

«ሙሽራ ብለህ ነው ያስታጠቅሃት?»

ጄራልድ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሄስተር ግን መቀለዷ አልነበረም። ይህች አውሮፕላን በዕድሜዋ አንዲት ጥይት ተኩሳ አታውቅም። ሥራዋ ጠላት አገር ዘልቆ ገብቶ ፎቶ አንስቶ መመለስ ነበር። መትረየስ መቀመጥ በሚገባበት ክንፏ ውስጥ ነዳጅ ይሞላ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ካሜራዎች ይታሰሩ ነበር። ቀለሟም ከሰማይ እንዳትለይ ውሃ ሰማያዊ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው አረንጓዴና ቡናማ አልነበረም። ያላት መሣሪያ ፍጥነቷ ብቻ ነው። ለዚህም የሃያ አንድ ዓመቷ ሄስተር በየቀኑ ካሜራዎቹን አሰናድታ ስትጨርስ፣ ማንም ሳያዛት ጨርቅና ሰም ይዛ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ትወለውላት ነበር። ገላዋ ከለሰለሰ ትንሽ ትፈጥናለች፤ ያቺ ትንሽ ደግሞ ነፍስ ታድናለች።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ የጦር ሰፈር በር ላይ እንደ ዘበኛ ተተክላ ሃያ ዓመት ዝናብ ወረደባት፤ እርግብ ፈለፈለባት። ያንን ሁሉ ችላ እዚህ ስትደርስ ደግሞ ይህ ጠበቃት።

ከአብራሪው መቀመጫ ሥር፣ ጎኗ ላይ፣ አምስት ጥቁር መስቀሎች ተስለዋል፤ አንድ መስቀል አንድ የተጣለ አውሮፕላን ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ «በአልዊን ፔንሮዝ አብራሪነት አምስት የጠላት አውሮፕላኖችን የጣለች» ይላል።

አልዊን! የኮርንዎል ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ሰው ላይ አላነጣጥርም ብሎ ፎቶ ክፍል የገባው አልዊን! ተዋጊ አብራሪዎቹ መጠጥ ቤት ውስጥ ባዩት ቁጥር አያስቀምጡትም ነበር። «አንተ ፎቶ አንሺ! ቅዳሜ ሠርጌ ነው፤ ካሜራህን ይዘህ ትመጣለህ?» ይሉታል። እሱም ከብርጭቆው ቀና ሳይል «እመጣለሁ፤ ግን የማነሳህ ከሠላሳ ሺህ ጫማ ላይ ሆኜ ነው። ያንተን መልክ ከዚያ ቀርቤ አልደፍረውም» ይላቸው ነበር። በቁሙ የተሰደበበትን፣ ሰው አለመግደሉን፣ ዛሬ ከሞተ በኋላ ቀሙት።

«ማንን ነው የጣለው?» አለች ሄስተር። «በምን ጣለው? በካሜራ ወርውሮ?»

«ምን እናድርግ ሚስ ብራምሊ፣ ሰው ስፒትፋየር ብሎ መጥቶ መትረየስ ሲያጣ ቅር ይለዋል» አለ ጄራልድ። «ይልቅ እንግዶች ከሰዓት ይመጣሉ፤ እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልን። ከሠራተኞቿ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የጥንት መልኳን እንደያዘች ካልመሰከሩልን የቅርስ ምዝገባው አያልፍም።»

ወረቀትና ብዕር ዘረጋላት። ለማስፈረም ደህና ሰው መርጧል! በጦርነቱ ጊዜ በእነሄስተር ጦር ሰፈር አውሮፕላን ያለ ፊርማ ከመሬት አይነሳም ነበር። ሞተሩን ያየው ይፈርማል፤ ካሜራውን ያሰናዳችው ትፈርማለች፤ በመጨረሻም አብራሪው ተረክቤያለሁ ብሎ ይፈርማል። ጉድለት ከተገኘ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ቀይ የተጻፈባት አትበርም።

«ሳላይ አልፈርምም» አለች።

ክንፉን በጣቷ አንኳኳች። አፈሙዞቹን ለመሰካት የነዳጅ ታንኩን በስተውታል። አጎንብሳ ከሆዷ ሥር ስታይ የካሜራዎቹ መስኮቶች በቆርቆሮ ተደፍነዋል። ቀና አለች። «ዓይኗን አጥፍታችሁ ጥርስ ተከላችሁላት!»

ጄራልድም ትዕግስቱ አለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሜዳ ተነስተን አልፈጠርንም። መዝገቧ እጃችን ላይ ነው፤ ይኸው!» ብሎ ያረጀውን መዝገብ ከሣጥኑ አወጣ። «ማርች 17፣ 1944፤ የመጀመሪያ በረራ፣ በደመና ምክንያት ፎቶ አልተገኘም። ሁለተኛ በረራ፣ አብራሪው ቆሰለ፣ ፊልሙ ደረሰ። ስልሳ አንዱም በረራ አለ። እኛ ትንሽ ቅመም ነው የጨመርንበት። ታሪክ ሲነገር ማን የማይጨምር አለ?»

ሄስተር መዝገቡን ተቀበለችው። «ደመና» የሚለው በአልዊን እጅ ጽሑፍ ነበር። ክንፉን ይዛ ቆመች።

ያን ቀን ደመና አልነበረም።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ካሜራዎቹን ሳትጨርስ ክንፉን በሰም መወልወል ጀምራ ሰዓት ደረሰባት። ወደ ካሜራዎቹ ሙቀት የሚወስደው ቱቦ መግጠሙን ሳታይ ሮጣ ፈረመች። ሰማይ ላይ ሌንሶቹን ውርጭ ሸፈናቸው፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ወተት መሰለ። አልዊን ግን ፊልሙ ሳይታጠብ፣ ገና እንደወረደ ቱቦውን አይቶ ሁሉንም አውቋል። ወደ ጥግ ወስዶ፣ «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ቱቦው አልገጠመም። ይህን ካወቁ የጦር ፍርድ ቤት ያቆሙሻል። ደመና ነበር። ገባሽ? ደመና ነበር» አላት። እሷም ዝም አለች።

ከሰዓት ያንኑ ቦታ ሊያነሳ ተመልሶ ሄደ። ጠዋት ያዩት የጠላት ተኳሾች ተዘጋጅተው ጠበቁት። ቆስሎም ቢሆን አሳረፋት። የጦር ሰፈሩ ልማድ ደግሞ አውሮፕላኑ እንዳረፈ መጀመሪያ ወደ ፊልሙ መሮጥ ነው፤ ሰውየው ሁለተኛ ነው። ሄስተር ከሆዷ ሥር ገብታ የፊልሙን ሣጥን ስትፈታ ደሙ እጇ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፊልሙን አስረክባ ወደ እሱ ስትወጣ አልዊን ሞቷል። ፎቶዎቹ ጥርት ብለው ወጡ። በሳምንቱ ለሄስተር የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ያንንም ተቀበለች።

«ቀይ ቀለም አለህ?» አለችው ጄራልድን።

«ቀይ? አይ፣ ጥቁሩ ይበቃል።»

«ቀይ አምጣ አልኩህ!»

ጄራልድ ከቢሮው ቀይ ብዕር ይዞ መጣ። ሄስተር ወረቀቱን ክንፉ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች፤ እሱም ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ያነባል። «ለበረራ ብቁ አይደለችም። ክንፏ ላይ ያልነበራት መትረየስ ተገኝቷል። ካሜራዎቿ የሉም። አብራሪዋ አልዊን ፔንሮዝ ማንንም አልጣለም።»

«ሚስ ብራምሊ፣ ኧረ አዋረዱን! እንግዶቹ—»

«ገና አልጨረስኩም።» ብላ መጻፏን ቀጠለች። «በማርች 17 ደመና አልነበረም። የካሜራውን ቱቦ ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አልዊን ፔንሮዝ ሁለተኛ የበረረው በእኔ ጥፋት ነው።»

ጄራልድ ፊቱ ተለዋወጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህንን ማን ጠየቀዎት? ማንም እኮ አያውቅም!» አላት።

«የናንተን ውሸት በቀይ ጽፌ የኔን ልተወው?» አለችው። ስሟን ከነድሮ ማዕረጓ ጻፈችና ፈረመች። ወረቀቱን እጁ ላይ አድርጋ የኮቷን እጅጌ ጠቀለለች።

«በል መፍቻ አምጣልኝ፤ እንግዶቹ ሳይመጡ እነዚህን አፈሙዞች እናውልቅ።»