ዝም ያልኩበት ስሌት

ፕሮፌሰሬን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልልም። ሌባ አንቱ አይባልም።

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪው ሳለሁ ስምንት ወር ሙሉ የለፋሁበትን ስሌት ወስዶ በራሱ ስም ብቻ አሳተመው። አንድ ክሪስታል እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት እንደሚያልፍበት የሚተነብይ ስሌት ነበር። ቢሮው ሄጄ "ፕሮፌሰር፣ የኔ ስም የታለ?" ብዬ ብጠይቀው መነጽሩን እየወለወለ "ልጄ፣ አንቺ እኮ ደመርሽ፣ ቀነስሽ እንጂ ሐሳቡ የኔ ነው" አለኝ። ደመርሽ ቀነስሽ! እኛ ቲዎሪ የምንሠራ ሰዎች ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከስማችን ሌላ ምን አለን?

በንዴት የታተመውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደገና አሰላሁት። በአምስተኛው ቀን ስሕተት አገኘሁ፤ የራሴን ስሕተት። እኛ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚሆነውን በትንንሽ ሥዕሎች እየሣልን ነው የምንቆጥረው። ሁለት የመሰሉኝ ሥዕሎች፣ አንዱን አዙሬ ሳየው፣ አንድ ናቸው። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ያ ሲታረም ክሪስታሉ የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ እንቅፋት አያልፍበትም። እሱ ደግሞ ሳያይ እንዳለ ገልብጦታል።

እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። በማግሥቱ ላጋልጠው እችል ነበር፤ ግን ያኔ ገና ትንሽ ሰው ነው፣ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ይውጣ አልኩ። ይውጣ፣ ይውጣና ከላይ ይፈጥፈጥ! እናቴ ነገሩ ሲገባት "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብትለኝ "እኔ መች ጸለይኩና?" አልኳት።

እሱም ወጣ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ ተሸለመ፣ ፎቶው በየኮሪደሩ ተሰቀለ። እኔ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርኩ። እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ አገኘሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከማቀዝቀዣው መሣሪያ ጋር ስለምትውል በረዶ ነበር የምንላት። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ "የፕሮፌሰሩን ክሪስታል ልለካ ነው፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ እሆናለሁ" አለችኝ። ብነግራት ወሬው ይወጣል፤ እሱም ቀስ ብሎ ራሱን ያርምና ያመልጠኛል።

"ይቅናሽ" አልኳት።

አራት ዓመት ለካች። ምንም አላገኘችም። "እጄ ነው መሰለኝ ችግሩ" እያለች ታለቅሳለች፤ ውጤት ስላጣች የሥራ ውሏም አልታደሰላትም። እኔ "አይዞሽ" እላለሁ። አቤት ጭካኔዬ!

ቀኑ ደረሰ። ትልቅ ጉባኤ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የክብር ንግግሩን የሚያደርገው እሱ ነው። በረዶ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁና ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ሁለቱን ሥዕሎች ሣልኩ፣ አንዱን አዙሬ ደግሜ ሣልኩት፣ ሁለቴ የተቆጠረውን ትርፍ ቁጥር ሰረዝኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደ እሱ ዞርኩ።

እሱ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ልክ ናት። እንዲያውም አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ስሌት የሠራችው እሷው ናት፤ ተማሪዬ ነበረች። ስሟን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሌቱ የእሷ ነው።"

አጨበጨቡ። ለእሱ! አሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁትን ስም ከነስሕተቱ አሸክሞኝ እሱ ንጹሕ ሰው ሆኖ ቀረ። እንዴት እንደተናደድኩ! ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ጭብጨባው ሲበርድ በረዶ ከወንበሯ ተነሥታ ማይክሮፎን ጠየቀች።

"የኔ ጥያቄ ለሷ ነው" አለች። "ስሕተቱን መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት" ማለት እችል ነበር። ማንም አይጠረጥርም። ግን ዐይኗን አየሁት። በዚያ ዐይን ነው እኔም እሱን ሳየው የኖርኩት።

"አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ" አልኳት።