የድቧ ሐኪም

ሳያት ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዳች ሳለ የአልቃሿ የእትዬ የትነበርሽ ድምፅ ከሳሎን ተነሣ።

«ድብ ገዳይ ተካልኝ፣ የበረዶው ጌታ፣
እንዲያው ባልጋው ላይ ሞት ጀግናውን ድል መታ!»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። ሳያት ፔርሙሱን አስቀመጠች። አባቷ ድብ ገድሎ አያውቅም።

ዶክተር ተካልኝ በተኛበት ሳይነቃ ቀርቶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሆላንድ ውስጥ፣ ላክ የሚባለው ሠፈር ያለው ጠባብ አፓርታማቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ የመረጠችው እናቷ ወርቅዬ ናት፤ ሟቹ ጥርሱን አሳይቶ የሳቀበት ሌላ ፎቶ የለም። በረዶ ላይ ተንበርክኮ እጁን ነጭ ድብ አንገት ላይ አሳርፏል። ድቧ ተዘርራለች፤ ምላሷ ወጥቷል። ላየው ሰው ግዳይ የጣለ አዳኝ ይመስላል።

«እዚህ እኮ ቬርዋርሚንጉን፣ ማሞቂያውን፣ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በላዩ ሹራብ ደርቦ የሚቀመጥ ሰው ነበር» አሉ የሟቹ ጓደኛ ጋሽ አድማሴ እንባቸውን እየጠረጉ። «ትራንስቫል ገበያ እንሂድ ስለው በረደኝ ይላል። ለካስ ጉልበቱን የሚያጠራቅመው ለድብ ነው!»

ሰዉ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

ሳያት ወደ እናቷ ጎንበስ አለች። «ማሚ፣ እንደዛ አይደለም። ንገሪያቸው።»

«ተያቸው። በክብር እያነሱት ነው። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቋረጥም።»

«ነገ የሮተርዳምና የአምስተርዳም ሰዎች ይመጣሉ። ይሄንን ነው የሚሰሙት።»

የእትዬ የትነበርሽ ሙሾ ከአንዱ ለቅሶ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሟቹም ከዚያ በኋላ በእሱ ነው የሚታወሰው።

ሳያት ልጅ ሳለች ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሠፈር ነበር የሚኖሩት። ተካልኝ ያገር ቤት ዲግሪውን ሆላንድ ስላልተቀበለችው ከጎረምሶች ጋር እንደገና ተምሮ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ በሚሄድ የምርምር መርከብ ላይ ሐኪም ሆነ። የመርከበኛ ጥርስ ይነቅላል፤ ሲመቸው የወፍ እግር ላይ ቀለበት ያስራል፤ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት መሳይ ነገር እየፋቀ ይሰበስባል። አንድ ጊዜ አፍንጫው በበረዶ ፀሐይ ተልጦ ሲመለስ ትንሿ ሳያት ፎቶውን አየች።

«አንተ ገደልካት?»

«ኧረ በመርፌ አስተኝተናት ነው። አንገቷ ላይ መከታተያ አሰርንላት፤ ደም ቀዳሁላት። ዓይኗ ስለማይከደን እንዳይደርቅ ቅባት ቀባኋት። ከዛ የሄሊኮፕተሩ አብራሪ ጉም እየመጣ ነው፣ እንሂድ አለኝ። በሽተኛዬ ሳትነቃ አልሄድም አልኩት።»

«ከዛስ?»

«ተነሣቻ! ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ሄደች። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም።»

ይህን ሲናገር ልጁን የዳረ አባት ይመስል ነበር።

ሳሎን ውስጥ ሙሾው እንደገና ተነሣ። «ድብ ገዳይ ተካልኝ…»

«አንቺ ተሳስተሻል!» አለች ሳያት።

ወርቅዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ የትነበርሽ ቀስ ብለው ዞሩ።

«አንቺ ማለቱን ለእኔ ቀብር አቆዪልኝ፣ የኔ ልጅ። አሁን ንገሪኝ። ካልገደላት ምን አደረጋት?»

ሳያት ነገረቻቸው። አማርኛ ሲጠፋት በደች ሞላችው፤ ግን አላቋረጠችም።

«ጠመንጃስ አልያዘም?» አሉ ጋሽ አድማሴ።

«ሌላ ሰው ነበር የያዘው። እሱ ሰዓት ነው የያዘው። ትንፋሽዋን ይቆጥር ነበር።»

እትዬ የትነበርሽ ፎቶውን አንስተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። መቀነታቸውን አጠበቁና ተነሡ።

«ገድሎ እየፎከረ ስንቱ ጀግና ዋለ፣
ሳትነቃ አልሄድም እንዳንተ ማን አለ?»

ወርቅዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ከሁሉም ቀድማ የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ ቀጥ ብላ ቆማ። ሳያት ደረት መምታት አታውቅበትም፤ ከእናቷ ጎን ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

ሰዉ ሲበተን ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቆረጠች። ነገ ለሚመጡት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት በተማረችው ፊደል፣ እያንዳንዱን በጥንቃቄ ጻፈች፦ «ተኝታ ነው። ኋላ ተነሥታ ሄዳለች።» ወረቀቱን ከፎቶው ግርጌ አጣበቀችና ዳርና ዳሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ከዚያ መቀሱን ወደ መሳቢያው መለሰች።