የማቀዝቀዣው ግብር

ፊደንሲያ የአረጋውያን ገንዘቧን ከከተማው ማሽን አውጥታ ስትመለስ ሁልጊዜ ትበሳጫለች። ገንዘቡ አንሷት አይደለም። ማሽኑ ግን ወሬ አያውቅ፣ ሰላም አይል። ካርድ ታጎርሺዋለሽ፣ ፔሶውን ይተፋልሻል፣ በቃ። ድሮ እኮ የክፍያ ቀን እንደ ዓመት በዓል ነበር!

ያኔ መንግሥት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩ ድሃ እናቶች ድጎማ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡ በመኪና ተጭኖ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኦሃካ ተራራ ላይ ካለችው መንደራቸው ሳን ኢሲድሮ ድረስ ይመጣል። ሴቶቹ ሹሩባቸውን ተሠርተው መንደሩ አዳራሽ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን የበቆሎ ታማሌ ሻጯ፣ ጫማ ሻጩ፣ ባልዲ ሻጩ አዳራሹን ይከቡታል። ሰልፉ ላይ የማይወራ ነገር አልነበረም። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ከሰሜን፣ ከአሜሪካ ገንዘብ መላክ እንዳቆመ፣ ሁሉም እዚያ ይሰማል። ሆድ ሲብሳትም ሳቋ ሲመጣም ፊደንሲያ ያንን ሰልፍ ታስታውሳለች።

ታዲያ ድጎማው እንዲሁ አይገኝም። በየጥቂት ዓመቱ ከከተማ መዝጋቢ ይመጣና ቤት ለቤት እየዞረ፣ ቴሌቪዥን አለ ወይ፣ ማቀዝቀዣስ እያለ ይጠይቃል። ያለው ይሰረዛል። መንደሩም ሞኝ አይደለም። መዝጋቢው መጣ ሲባል ዕቃው ሁሉ እግር ያወጣል። ሰውየው ሁልጊዜ ታች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ የታችኞቹ ዕቃ አስቀድሞ ዳገቱን ይወጣና መጨረሻ ላይ ካለችው ከፊደንሲያ ቤት ይከማቻል። እሱ የታቹን ጨርሶ ሽቅብ ሲል ዕቃው በጓሮ በኩል ቁልቁል ይመለሳል። ፊደንሲያ የራሷ የምትደብቀው አልነበራትም። ወለሏ አፈር ነው፤ መብራት እሷ ዘንድ አልደረሰም፤ ባሏም ወደ ሰሜን እንደሄደ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ዓመት ልጇ ኒየቬስ ስድስተኛ ክፍልን ጨረሰች። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከተማ ነው፤ የመኪና አለ፣ የማደሪያ አለ። ድጎማው ከቀረ ልጅቷም እንደ እናቷ በቆሎ ስትፈጭ ልትኖር ነው።

መዝጋቢው በሚመጣበት ዋዜማ የጣለው ዝናብ የታችኛውን መንገድ ጠራርጎ ወሰደው። ይሄን ማን ልብ ይበል! ሰውየው በላይኛው መንገድ ዞሮ መጣና መጀመሪያ ያንኳኳው የፊደንሲያን በር ሆነ።

ገብቶ የሚያየውን ማመን አቃተው። ሦስት ቴሌቪዥን ተደርድሯል። ጥግ ላይ የቶማሳ የልብስ ማጠቢያ አለ። መሃል ቤት ደግሞ የአበልጇ የኤርሜሊንዳ ነጭ ማቀዝቀዣ አፈሩ ላይ ተገትሯል።

"ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?" አላት።

አይደለም ብትል መንደሩ በሙሉ መሰረዙ ነው። የቶማሳ ልጆች አሉ። ኒየቬስን ክርስትና ያነሳቻት የኤርሜሊንዳ ልጆች አሉ።

"የኔ ነው" አለች።

"ሦስቱም ቴሌቪዥን?"

"አንዱ ሲሰለቸኝ ሌላውን አያለሁ።"

"መብራት እኮ የለዎትም።"

"ሲመጣ እንዳልቸገር ብዬ ነው።"

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ግን ያየውን መጻፍ ነበረበትና ጻፈ። ፊደንሲያም ተሰረዘች።

በክፍያው ቀን ስሟ እንደማይጠራ እያወቀች አዳራሹ ጋ ሄደች። ቤት ብትቀር ማልቀሷ ነው። ታማሌ ሻጯ አጠገብ ቁጭ ብላ ሰልፉን ስታይ ኤርሜሊንዳ የድርሻዋን ተቀብላ ወጣች። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ሽርጧን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሳይከፍል የሚወጣ የለም" አለች፣ ያ ድምፅዋ እንደሁ ተራራ ይሻገራል። "ባለ ቴሌቪዥን የቴሌቪዥኑን፣ ባለ ማጠቢያ የማጠቢያውን። እኔ ማቀዝቀዣ ስላለኝ ትልቁን ከፍያለሁ።"

"የኔ ማጠቢያ እኮ አሮጌ ነው፤ ውሃ ያፈሳል" አለች ቶማሳ።

"እና መዝጋቢው አሮጌ ነው ብሎ ዘለለው? ክፈይ እንጂ።"

ቶማሳ እያጉረመረመች ከፈለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኤርሜሊንዳ ሽርጧን ጠቅልላ ፊደንሲያ ጋ መጣች። ፊደንሲያ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

"ምጽዋት አልወስድም፣ አበልጄ።"

"ማን መጸወተሽ? ግብር ነው። ለስላሳ በገዛን ቁጥር፣ ሳሙና በገዛን ቁጥር መንግሥት ግብሩን ከኛ ይወስዳል። አንድ ቀን አመስግኖሽ ያውቃል? አንቺም አታመስግኚን። ያዢና ዝም በይ።"

ፊደንሲያ ያዘች፤ ዝምም አለች። ኒየቬስ ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲያ ክፍያ በመጣ ቁጥር ሽርጡ በሩ ላይ ይዘረጋል፤ ቶማሳ ታጉረመርማለች፤ ትከፍላለች።

ልጅቷ ልትጨርስ ዓመት ሲቀራት ሌላ መዝጋቢ መጣ። አሁን ፊደንሲያ ቤት ማንም ማንኪያ እንኳ አላስቀመጠም። ስሟ ተመለሰ። በክፍያው ቀን "ፊደንሲያ!" ተብሎ ሲጠራ ገብታ ገንዘቧን ተቀበለች።

ስትወጣ ኤርሜሊንዳ ሽርጧን እንደዘረጋች ናት። በዚህኛው ዙር የተሰረዘችው ሩፊና ነበረች። ምስኪን፣ መዝጋቢው ፊት ድህነቷ አሳፍሯት የሌላትን ሽንት ቤት አለኝ፣ አፈሩን ወለል ሲሚንቶ ነው ብላ አረፈችው። እሷም ለትምህርት የደረሰች ልጅ አለቻት። ፊደንሲያ እጇን ስትዘረጋ ኤርሜሊንዳ ሽርጧን ሰበሰበች።

"አንቺ እለፊ፣ አበልጄ። ግብር ያለው ሰው ነው የሚከፍለው። አንቺ ምን አለሽና?"

ፊደንሲያ ንቅንቅ አላለችም። ይሄ ከመሰረዙ በላይ አመማት። እስከመቼ ድረስ ተቀባይ ብቻ ትሁን?

"አንድ ቀን ሙሉ በዚህ መንደር የኔን ያህል ሀብታም አልነበረም" አለች። "ሦስት ቴሌቪዥን፣ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ። መንግሥት ራሱ መዝግቦታል። የዚያን ቀን ውዝፍ አለብኝ፤ ተቀበይኝ።"

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቶማሳ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ኤርሜሊንዳ ግን አልሳቀችም። አበልጇን ትክ ብላ አየቻትና ሽርጧን መልሳ ዘረጋችላት። ፊደንሲያ እንደ ባለ ማቀዝቀዣ ትልቁን ከፈለች፤ ሩፊናም ሳታመሰግናት ተቀበለች።