የእድሩ ሰዎች ከነቆርኪያቸው

ሰዎቹ ከቆርኪው አልነቀል አሉ።

አቢጌል አንዱን በጥፍሯ ሞከረችው፣ ሌላውን በጥርሷ ሳብ አደረገችው። ወይ ፍንክች። ቁመታቸው የአመልካች ጣት እኩሌታ ነው፤ ግን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጫማቸውን ቆርኪው ላይ ተክለው እንደ ዋርካ ቆመዋል።

"ጀላል፣ በምንድን ነው ያጣበቅካቸው?"

"በሱፐር ግሉ።"

ጀላል ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ያለው፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ የሚጽፍ ሠዓሊ ነው። አቢጌል ነጫጭ የፕላስቲክ ሰዎቿን ቀለም እንዲቀባላት የሰጠችው እጁ ስለማይንቀጠቀጥ ነው። ሰዎቹ የሚቆሙት ኮምቦልቻ ሊሠራ በታሰበው የእድር አዳራሽ ሞዴል ላይ ነበር። አዳራሹ አቢጌልና ጓደኛዋ ጽናት ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ከተመረቁ ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ገና በእጃቸው ግን አልገባም። የእድሩ ሊቀ መንበር እትዬ አረጋሽ ሞዴሉን ባዶውን አይተው፣ "ሰው የሌለበት አዳራሽ ለምኔ? ሰው አስገቡበትና ልየው" ብለው መልሰውታል። ዛሬ ለጉዳይ ደሴ መጥተዋል፤ እግረ መንገዳቸውን እዚሁ ሱቅ ገብተው ያዩታል። ካልጣማቸው ሥራው ኮምቦልቻ ላለ አንድ መሐንዲስ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ንድፉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ እትዬ አረጋሽ በር ላይ ነው የሚያድረው።

"በማስቲካ አላልኩህም?"

"ብለሽኛል።"

ዘዴው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው በጣት ተይዞ አይቀባም፤ ጣትም ይቀባል፣ ሰውየውም ይበላሻል። ስለዚህ የታኘከ ማስቲካ ቆርኪ ላይ ይለጠፍና ሰውየው እዚያ ላይ ይቆማል። ቆርኪውን ይዞ እያዞሩ መቀባት ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ሰውየው ተላቆ ቦታው ይሄዳል።

"ማስቲካውንስ ገዝቼ አልሰጠሁህም?"

"ሰጥተሽኛል። ይኸውልሽ።" ማስቲካው እንደታሸገ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ ተቀምጧል።

"ታዲያ?"

"ረመዳን ነው፣ አቢጌል።"

"አይዋጥም እኮ" አለች፣ ለመሸነፍ ስላልቸኮለች።

"ስኳሩንስ ማን ይዋጥልኝ?"

"ሌላ ሰው አታስኝክም ነበር?"

"ጽናትን ጠየቅኳት። ሁዳዴ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ና አለችኝ፤ ያኔ ብጀምር ለዛሬ አይደርስም። ጎረቤቴን ምንይሉን ለመንኩት፤ ውሃ ሳልቀምስ ያንተን ማስቲካ ላኝክ ወይ ብሎ ሊደበድበኝ ነበር። ወላሂ፣ ዘንድሮ ደሴ ውስጥ በቀን የሚያኝክ አፍ ያለው ጴንጤ ብቻ ነው። የማውቃት ጴንጤ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ ስልክ አታነሺም።"

"ማታስ፣ ካፈጠርክ በኋላ?"

"ካፈጠርኩ በኋላ የተራዊህ ሶላት አለ። ከተራዊህ ስመለስ መብራት የለም።"

"ሥራውን ስሰጥህ ለምን አልነገርከኝም?"

"እኛ መሀል አድገሽ ረመዳንን ረሳሽ ብዬ ላሳፍርሽ?"

አቢጌል ማስቲካውን ልጣ አፏ ውስጥ ወርውራ በንዴት ታኝከው ጀመር።

"ወደዚያ ዞረሽ አኝኪ" አለ ጀላል። "ሽታው ራሱ ሊያስፈጥረኝ ነው።"

ዞረችና ምላጭ አነሳች። ጋቢ የለበሰውን ሰውዬ ከሥሩ ቆረጥ ስታደርገው ሰውየው ተነሳ፤ ጫማዎቹ ቆርኪው ላይ ቀሩ። ቀጥላ ቀይ ጃኬት ለለበሰው የጥፍር ቀለም ማጥፊያ አሴቶን አፈሰሰችለት። ሱፐር ግሉው ንቅንቅ አላለም፤ ጃኬቱ ግን ከነፊቱ ታጠበ።

"አብሽሪ" አለ ጀላል።

"ደግመህ አብሽሪ ብትለኝ አንተንም ከቁርጭምጭሚትህ ነው የምቆርጥህ።"

ከማስቲካዋ ግማሹን ከአፏ አውጥታ እግር አልባውን ሰውዬ በገዛ ጫማው ላይ መልሳ ለጠፈችው። ሰውየው ቆመ፤ ግን ወደ ግራ አዘነበለ። ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው።

እትዬ አረጋሽ ገቡ፤ ነጠላቸውን ከቀለሙ ሰብስበው ቀጥታ ወደ ሞዴሉ ሄዱ። አቢጌል ሰዎቹን ከነቆርኪያቸው አዳራሹ ውስጥ ከመደርደር ሌላ ያገኘችው መላ አልነበረም።

"ከእግራቸው ሥር ያለው ምንድን ነው?"

"ቆርኪ ነው" አለች አቢጌል። "ሲቀቡ መያዣ ነበር። ጀላል ጾም ስለሆነ ማስቲካ አላኝክም ብሎ በሱፐር ግሉ አጣብቋቸው አልነቀል አሉ።"

እትዬ አረጋሽ ጀላልን አዩት። "እኔንም ብትጠይቀኝ አላኝክልህም ነበር" አሉትና ጋቢ የለበሰውን ሰውዬ በቆርኪው ብድግ አደረጉት። "ይሄኛው ምን ሆኖ ነው የተንጋደደው?"

"ሐዘንተኛው ነው፣ እትዬ" አለ ጀላል ቶሎ ብሎ።

"ሐዘንተኛ ከሆነ ደጋፊው የታለ?" ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ ሰው አመጡለት። ሦስቱን ጎን ለጎን እየገፉ ወደ አዳራሹ በር ወሰዷቸው። በሩ ላይ ቆርኪዎቹ ቋ ብለው ቆሙ። አንድ ደጋፊ ቀነሱ። አሁንም አላልፍ አሉ።

"በራችሁ ጠቧል፣ ልጄ።"

"በሩ ልክ ነው፣ እትዬ። የሰፋው ቆርኪው ነው። አንዱ ቆርኪ ሁለት ሰው ያህላል።"

"ጋቢውን ደራርቦ፣ ፍራሽ ላይ ሰንብቶ፣ ጉልበቱ ከድቶት የሚወጣ ሰው ስንት ሰው ያህላል? ባለፈው ባሌን ስቀብር አንዲቷ ደጋፊዬ በር ላይ ተቀርቅራ፣ ለቅሶዬን ትቼ እሷን ስጎትት ነበር።"

ጀላል ሳቁን በእጁ ጀርባ አፈነ።

"በሩ ከሰፋ ከጎኑ ያለው ዓምድ ሊነሳ ነው" አለች አቢጌል።

"ዓምዱን ያቆምሽው አንቺ፤ አንሺው።"

አቢጌል የቀረውን ማስቲካ ዋጠች። ዓምዱ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቢሸሽ ጣሪያው አይወድቅም፤ አውቃለች። ያናደዳትም ማወቋ ነው። "ከሰፋስ?"

"ከሰፋ ሥራው የናንተ ነው። ያ መሐንዲስም በሬን ይልቀቅልኝ።" እትዬ አረጋሽ ሐዘንተኛውን ደጋፊዎቹ መሀል አቁመው ቀና አሉ። "ሰዎቹን ግን እንዳትነቅሏቸው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንዲሁ እየገፋናቸው ነው የምንከራከረው።"

ጀላልን መርቀው ወደ በሩ ሄዱ። የሱቁ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት አላሳልፍ ቢላቸው፣ ዞር ብለው አቢጌልን አንድ ጊዜ አዩዋትና በጎናቸው ወጥተው በሩን ዘጉት።