የጠበቃ አስታማሚ

ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት የሰፈሩ ሰው ነው፣ ከላዩ የማይለየውን አሮጌ የወታደር ካፖርት አይቶ። ቤት የለውም፤ የሚያድረው በተዘጋ የጫማ መደብር በረንዳ ላይ ነው። ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱንም ጠበቃ ይለዋል፣ ዘበኞች ሊያባርሩት ሲመጡ ስለሱ ሆኖ የሚከራከር ሌላ ፍጡር ስለሌለው።

አንድ ጠዋት ጠበቃ ሆዱ ተነፍቶ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ተገኘ። ሻለቃ በካፖርቱ ጠቅልሎ ታቀፈውና እያሳለ የእንስሳት ክሊኒክ ደረሰ። ሐኪሟ በራጅ አየችው። "አጥንት አንጀቱን ዘግቶታል። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይተርፍም" አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዋጋውን ነገረችው። ሻለቃ ኪሱን እንኳ አልዳበሰም፤ የሌለ ነገር አይዳበስም።

"በጉልበቴ ልክፈል፤ ግቢውን ልጥረግ" ብሎ ለመነ።

ድመታቸውን ለክትባት ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም እትዬ ዳይሬክተር ይላቸዋል፣ እሳቸውም ዛሬም ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ ያሰልፋሉ። ብድግ አሉ። "ምስኪን እንስሳ! አፍ የለው፣ ምን ብሎ ይለምን!" አሉና ከተቀመጠው ሁሉ መዋጮ ሰበሰቡ፤ የጎደለውን ስልክ እየደወሉ ከዘመድ ከጎረቤት ለቃቀሙ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሞላ።

ሻለቃ ደስታው እውነት ነበር፤ ግን አንድ ነገር ውስጡን ቆረቆረው። እኚሁ ሴትዮ ክረምቱን ሙሉ በበረንዳው ሲያልፉ፣ ሳሉን እየሰሙ "ይማርህ" ይሉት ነበር። ከዚያ የዘለለ ነገር ወጥቷቸው አያውቅም።

ሐኪሟም ሳሉን ሰምታ ኖሮ፣ "አንተስ ሐኪም ቤት አትሄድም?" አለችው።

"ለኔ ማን ያዋጣልኛል ዶክተር? የምቆላው ጭራ የለኝ።"

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። "ቁስሉ እስኪደርቅ ሞቅ ያለ ቤት ይተኛ" ብትል ሐኪሟ፣ ውጤቱን ሊሰማ የቆየው ያዋጣ ሰው ሁሉ ሻለቃን አየ፤ ሻለቃ ወለሉን አየ። ከዚያ ሽሚያ ሆነ። አንዱ "ሳሎኔ ሰፊ ነው" አለ፤ ሌላዋ "ግቢዬ ሣር አለው" አለች። ለውሻው ማለታቸው ነው። እትዬ ዳይሬክተር ሁሉንም ረትተው ወሰዱት።

በማግስቱ ማለዳ በረንዳው ፊት መጥተው ቆሙ፤ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

"ያንተ ውሻ ሲያላዝን አደረ! ጎረቤት በሬን ሊሰብር ነው። ዶሮ ቀቅዬ ብሰጠው ፊቱን አዞረብኝ።"

"ዶሮ ለምዶ አያውቅማ፣ እትዬ።"

"ተነሥ፣ አትቀልድ!"

ሻለቃ ቤታቸው ሲገባ ጠበቃ ዶሮውን ጥርግ አድርጎ በላ። ሻለቃ ሲወጣ ማላዘኑን ቀጠለ። በመጨረሻ ከኩሽናው ጎን ያለችው ዕቃ ቤት ተጠረገችና ፍራሽ ተነጠፈባት። ለጠየቀ ጎረቤት ሁሉ እትዬ "የውሻው አስታማሚ ነው" ይሉ ነበር፤ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው አስገባሁ ከማለት ይሄ ይቀላል። ድመቷ አኩርፋ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰፈረች። ሻለቃ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ። ሲመሽ ሳሉ ሲነሣበት ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ይመጣል፦

"ሽሮፑን ጠጣህ? ውሻውን ትቀሰቅስብኛለህ!"

ስፌቱ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ሻለቃ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ካፖርቱን አጥቦ ለብሶ አብሯቸው ሄደ። ሐኪሟ ጠበቃን አገላብጣ አየችው።

"ድኗል። ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይችላል።"

"ያነክሳል" አሉ እትዬ።

"የተቀደደው እኮ ሆዱ ነው።"

"ሆድ ሲታመም እግር አይዝልም? ስንት ልጅ ከትምህርት ለመቅረት ሲያነክስ ያየሁ ሰው፣ ማነከስ ይጠፋኛል?"

ሐኪሟ እሳቸውን አየች፤ ሻለቃን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቃን እንደገና ዳበሰች። "እውነትዎን ነው። ይሄ ጊዜ ይፈልጋል። ብርድ እንዳይነካው።"

"አስታማሚውስ?"

"ያለ አስታማሚማ እንዴት ይሆናል!"

ሻለቃ ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገባውና አንገቱን ደፋ። በውሻ ስም በተገኘ ጣራ ሥር መጠለል ኩራቱን ቆንጠጥ አደረገው፤ ግን ኩራት ዝናብ አያስጥልም። "እንግዲህ፣ እሱ ካልቻለ..." አለ።

ቤት ሲደርሱ ጠበቃ ሁለቱንም ቀድሞ ደረጃውን እየዘለለ ሽቅብ ሮጠ። እትዬ ዳይሬክተር ያን ጊዜ ቁልፍ ፍለጋ አንገታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ቀብረው ነበር።