መቁረጫው ቫይረስ የተባለ ዕለት

«ቫይረሱን ፈልፍለው የሚለቁት እኮ ራሳቸው የአንቲቫይረስ ሻጮቹ ናቸው» ይላል ሬዲዮ።

ከመነጽር ቤቱ ጎን ሞባይል የሚጠግነውን ሰውዬ ሰፈሩ ሬዲዮ ያለው ያለ ነገር አይደለም፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ይህችኑ ወሬ አንድ ቀን ከወንድሜ ጓደኛ ሰማኋት ይላል፤ ሌላ ቀን እዚያው ከሚሠራ ሰው አፍ የወጣች ናት ይላል፤ ሲደላው ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ ቁጭ ይላል።

«አንተ ስክሪንህን ቀይር፣ ኮምፒውተሩን ለእኔ ተወው» ትለዋለች የመነጽር ቤቷ ባለቤት ታናሽ እህት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

ብትኮራ ያምርባታል። ኮምፒውተርን ያስተማራት ሰው የለም፤ የተጣለ እየፈታች፣ የፈታችውን እያበላሸች፣ ያበላሸችውን ራሷ እየጠገነች ነው የለመደችው። ታላቅ እህቷ ሌንስ የሚቆርጠውን አዲሱን ማሽን ስትገዛ ከኮምፒውተሩ ጋር ያጋባችው እሷ ናት። አንቲቫይረሱንም የጫነችው እሷ ናት። ችግሩ ታላቂቱ ነበረች፤ «አሁን ላድስ ወይስ ቆይቼ?» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ቆይ እስቲ፣ ደንበኛ ይዣለሁ» ብላ እንደ ሰው ተቆጥታ ታባርረዋለች። ታናሺቱ ይህን ስታይ ሰነበተችና አንድ ቀን ነገሩን ቆረጠችው። አንቲቫይረሱ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ጊዜ እንዲታደስ፣ የጠረጠረውን እንዲያስር፣ የታሰረው ተፈትቶ ዳግመኛ ከመጣበት ደግሞ እስከ ወዲያኛው እንዲያጠፋው አዘዘችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነዘንዝሽም እትዬ» አለች፣ እጇን እያራገፈች።

እውነትም ማንም አልነዘነዘም። አንድ ማለዳ ሱቁን ከፍተው ሲገቡ አንቲቫይረሱ ታድሶ፣ ሥራውንም ሠርቶ ጠበቃቸው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ተደቅኗል፦ «አደገኛ ፕሮግራም ተይዟል።» አደገኛ የተባለው ሌንስ ከመቁረጥ በቀር ዝንብ እንኳ ነክቶ የማያውቀው የመቁረጫው ፕሮግራም ነው።

«አሁን አስፈታዋለሁ» አለች ታናሺቱ። አስፈታችው። ፕሮግራሙ ገና ብቅ ከማለቱ አንቲቫይረሱ ዳግመኛ አየው፤ አጠፋው። ያኔ ነው የገዛ ትእዛዟ ትዝ ያላት። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ማሽኑ «ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ እጠብቃለሁ» እያለ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ባለ ክሬኑ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከመንገዱ ማዶ በሚሠራው ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሰማይ በታች ተቀምጦ ብረት የሚያነሣና የሚያወርድ ግዙፍ ሰው ነው። መነጽሩ ከዚያ ከፍታ ወድቆበት ዱቄት ሆኗል። ፍሬም ከመረጠና ዓይኑን ከተለካ ሰንብቷል፤ ሌንሱም ከአስመጪው መጥቷል። የቀረው መቁረጥ ብቻ ነበር።

«ደረሰልኝ አይደል?» አለ፣ ለሬዲዮ። ሬዲዮ ወሬ ሸትቶት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«የሱቁ ባለቤት እኔ አይደለሁም» አለ ሬዲዮ።

ባለ ክሬኑ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ታላቂቱ ዞረ። «ይቅርታ እህቴ። ዛሬ ከሰዓት የድርጅቱ ሐኪም ዓይኔን ያየኛል። የግድግዳውን ፊደል ካላነበብኩ ከላይ አውርደው መጋዘን ሊያስገቡኝ ነው። ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ከሥር ተሰልፏል።» ሣቅ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እኔ ደግሞ ወለል ላይ ሥራ አላውቅም።»

ታናሺቱ ማሽኑን ለገጠመላቸው ቴክኒሻን ደወለች። ይጠራል፤ አያነሣም። ደግማ ደወለች። ፕሮግራሙ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። የባለ ክሬኑ የመነጽር ቁጥር ደግሞ ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሌንስ በየሱቁ አይገኝም፤ ያላቸው ይሄው አንድ ጥንድ ነው።

«ነግሬያችሁ ነበር፤ ቫይረሱን ፈልፍለው የሚለቁት...» አለ ሬዲዮ።

«ሬዲዮ» አለች ታላቂቱ፣ «ወይ ድምፅህን ቀንስ፣ ወይ ጣቢያ ቀይር።» ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «አንቺም ስልኩን ተይውና ያንን የአበባ ማሰሮ አንሺልኝ።»

ማሰሮው የተቀመጠው አሮጌው ሞረድ ላይ ነው። ታናሺቱ ለብረታ ብረት ገዢ እንሽጠው እያለች የእህቷን ጆሮ ያደነቆረችበት፣ በሞተር የሚዞር የድንጋይ መሳያ ነው። ታላቂቱ አዲሱ ማሽን ከገባ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

«እትዬ፣ ሌላ ሌንስ እኮ የለንም» አለች ታናሺቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከተበላሸ...»

«አውቃለሁ። ስፖንጁን አርጥቢ።»

ታላቂቱ ባለ ክሬኑን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችውና ፍሬሙን አፍንጫው ላይ ሰካችው። «አፍንጫዬን እይ። አትተንፍስብኝ። ዓይንህን ግለጠው እንጂ፣ ክሬን ላይ ነህ እንዴ?»

«ክሬን ላይማ አልፈራም» አለ ሰውየው።

የሁለቱ ዓይኖቹ ብሌን የሚያርፍበትን ፍሬሙ በሌንስ ፋንታ ይዞት በመጣው ማሳያ ፕላስቲክ ላይ በማርከር ነጥብ በነጥብ አስቀመጠች። ሌንሶቹን በመለኪያው አይታ የየራሳቸውን መሀል አወጣች፤ መሀሉን ከብሌኑ ነጥብ ጋር አጋጥማ የፍሬሙን ቅርፅ በላያቸው ላይ ሣለች። የእጇ አጣጣል እንጀራዋ መሆኑን ያሳውቃል፤ የሠመረ፣ አንድም ጊዜ የማይንቀጠቀጥ። ከዚያ ፒንሳውን አነሣችና ትርፉን በጥቂት በጥቂቱ ትቀነጥበው ጀመር። በተቀነጠበ ቁጥር የታናሺቱ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ይወጣል።

ሞረዱ አጉረምርሞ ዞረ። ታናሺቱ ስፖንጁን ጨምቃ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ታላቂቱ ሌንሱን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው። እጇ አይገፋም፤ ድንጋዩ ሌንሱን እንዲበላ ትፈቅድለታለች እንጂ። ድምፁ ሲሻክር ታነሣዋለች፤ ሲለሰልስ ትመልሰዋለች። ጠርዙን በግራ አዘንብላ፣ በቀኝ አዘንብላ፣ ፍሬሙ ውስጥ የሚቆልፈውን ሹል ጫፍ ዙሪያውን አወጣችለት። ታናሺቱ ይህቺን ሴት ዕድሜዋን በሙሉ ታውቃታለች፤ ስትጨቃጨቅ፣ ስታኮርፍ፣ ከኮምፒውተር ጋር ስትጣላ አይታታለች። እንዲህ ስትሆን ግን አይታት አታውቅም። ሬዲዮ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም።

የቀኙ ገባ። የግራው እምቢ አለ።

ታላቂቱ ሌንሱን ወደ ብርሃን አነሣችው። ትንሽ ከቀነሰች ይገባል፤ ትንሽ ካበዛች ይንገዋለላል፣ አለቀለት።  እሷ ሌንሱን ድንጋዩ ላይ ነካ አደረገችው። በቃ፣ ነካ ብቻ። ፍሬሙ ላይ ስትጫነው «ጠቅ» ብሎ ተቀመጠ።

ታናሺቱ መነጽሩን ነጥቃ መለኪያው ሥር አስገባችው። እንከን ፈለገች፤ ልማዷ ነው። የመሀሎቹን ርቀት አየች፣ ዝንባሌውን አየች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ዳሰሰች። አንድም አላገኘች።

«የት ተማርሽው እትዬ?» አለች በመጨረሻ።

«የት እማራለሁ? ስሰብር ነዋ። ያኔ የሰበርኩት ቢደረደር ይሄን መንገድ ያለብሳል።»

ታናሺቱ ሣቋ አመለጣት። አንቺም ሰብረሽ ከተማርሽ እኔን ሳበላሽ የምትገላምጪኝ ለምንድን ነው ልትል ነበር፤ ግን ዛሬ ከዚህች ሴት ጋር አፍ መካፈት አላሰኛትም። አጠገቧ ቆማ ብትታይ በቂዋ ነበር።

ባለ ክሬኑ መነጽሩን አደረገ። በጣቱ አፍንጫው ላይ አደላደለው። ከዚያ ሬዲዮን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ወንድሜ» አለው፣ «የሸሚዝህ ቁልፍ አንዱ ተዛንፏል።»

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ባለ ክሬኑ ነው፤ ነፋሱ አብሮት ያወራል። «አነበብኩት! እስከ መጨረሻው መስመር! ከላይ ሆኜ ነው የምደውለው። ደግሞ እህቴ፣ ጣራችሁ ጥግ ላይ አንዱ ቆርቆሮ ተነቅሏል፣ ዝናብ ሳይመጣ አስመቺው።»

ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ቴክኒሻኑ መልሶ ደወለ። ታናሺቱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሁሉንም ነገረችው፤ የራሷን ጥፋት በአጭሩ፣ የእህቷን የእጅ ሥራ ግን አንዲት ሳታስቀር፣ ደረቷን ነፍታ። ቴክኒሻኑ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ፕሮግራሙን እልክልሻለሁ፣ እሱ ቀላል ነው» አለ። «ግን ለምን ተቸገራችሁ? ማሽኑ እኮ ያለ ኮምፒውተርም ይቆርጣል። ከጀርባው ያለችውን ቢጫ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።»